የጃፓንኛ ገጽ ላይ ክፍተቱ እየተበላሸብኝ ነው፤ ጥፋቱ የብራውዘሩ ነው ወይስ የጽሑፉ?

ሜላት ዘፒያሳ · ሰኞ፣ ምሽት 1፡40

እንዴት አመሻችሁ። አንድ የቡና ላኪ ድርጅት ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ቢሯችን ድሮ ፒያሳ ነበር፣ አሁን ስታዲየም አካባቢ ነን፤ ስሜን ግን አልቀየርኩም። ገጹ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛና በኮሪያኛ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ሰላም ናቸው። ያስቸገረኝ ጃፓንኛው ነው። እኔ ቋንቋውን አላነብም፣ ተርጓሚያችን ግን ገና ሲያየው «ጽሑፉ ተበታትኗል» አለኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓረፍተ ነገር መሃል፣ ምንም ሊኖር በማይገባበት ቦታ፣ ድንገት ክፍተት ይገባል። በአንዱ ብራውዘር ይታያል፣ በሌላው የለም። ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ በተከታተሉበት ቦታ ሰፊ ባዶ ይተርፋል። አንዳንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተለጥጦ ፊደሎቹ ተራርቀዋል፤ ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ ጥቅጥቅ ብሏል። የላቲን ፊደልና ቁጥር ሲመጣ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ቦታ ከጃፓንኛው ጋር ተጣብቋል። ሌላው ቦታ «60 ኪሎ» የሚለው 6 እና 0 ለየብቻ ቆመዋል።

አለቃዬ ደግሞ የአበበ ቢቂላ የቶኪዮ ድል ካልገባ ብሎ አስገብቶታል። በጃፓንኛ ሲጻፍ «አበበ» እና «ቢቂላ» መሃል ነጥብ አለ፤ የነጥቡ ግራና ቀኝ ክፍት ነው።

ቴምፕሌቱ የተገዛ ነው። ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ረጅም ስለሆነ ውስጡ ያለውን ሁሉ አላውቀውም። ከገዢዎች ጋር ስብሰባ እየደረሰ ነው። ከየት ልጀምር?

ቦርሳው · ሰኞ፣ ምሽት 1፡52

ጃፓንኛ በቃላት መሃል ክፍተት የለውም አይደል? ታዲያ «ፈልግና ተካ» ምን ሠራ? ክፍተቱን ሁሉ ፈልገሽ በባዶ ተኪው። አለቀ።

ኮደር ከካዛንቺስ · ሰኞ፣ ምሽት 2፡05

ኧረ ሜሉ፣ እንዳትሞክሪው! ምንጩ ላይ ክፍተት ሁሉ ከጠፋ የኤችቲኤምኤል (የገጹ መሠረታዊ ኮድ) መለያዎቹም ይበላሻሉ። በላቲን የተጻፉት የቡና ስሞችም አንድ ላይ ይጣበቃሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከዘረዘርሻቸው ውስጥ አብዛኛው «ክፍተት» በጭራሽ ክፍተት አይደለም። የሚጠፋ ፊደል የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ለዪ። ጽሑፉን ኤዲተር ውስጥ ክፈቺና ጠቋሚውን ከባዶው ቦታ በፊት አቁሚው። የቀስት ቁልፉን አንዴ ተጫኚ። ጠቋሚው ባዶውን ብቻ አልፎ ከሚቀጥለው ፊደል በፊት ከቆመ፣ እዚያ ውስጥ እውነተኛ ፊደል አለ፤ ችግሩ የጽሑፉ ነው። ባዶውን ከሚቀጥለው ፊደል ጋር በአንዴ ካለፈ ግን ባዶው የፎንቱ ወይም የሲኤስኤሱ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ይህን ሳይለዩ መነካካት ነው ሰውን ሌሊቱን የሚያስቀምጠው።

መድረኩ ላይ ኮድ ስለማይለጠፍ ስሞቹን አፍ ላይ እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምልክት። በአንዱ ብራውዘር ታይቶ በሌላው የሚጠፋ ክፍተት ከሆነ የኢንተር ቁልፉን፣ ማለትም መስመር መቁረጫውን ነው የምጠረጥረው። ተርጓሚሽ ጽሑፉን በምን ላከልሽ?

ሜላት ዘፒያሳ · ሰኞ፣ ምሽት 2፡11

በኢሜይል። ከዚያ ገልብጬ አስገባሁት።

ኮደር ከካዛንቺስ · ሰኞ፣ ምሽት 2፡24

ተገኘ። ተራ የኢሜይል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በየመስመሩ ጫፍ ይቆረጣል። ስትገለብጪው እያንዳንዱ ቁራጭ ኢንተር ይዞ ይመጣል። ኤችቲኤምኤል ውስጥ ደግሞ ኢንተር እንደ ተራ ክፍተት ነው የሚታየው። ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ ይህ ደግ ነገር ነው፤ መስመር ሲታጠፍ ቃልና ቃል መሃል ክፍተት ስለሚያስፈልግ። ለጃፓንኛ ግን ቃሉ መሃል ገብቶ ይቀመጣል።

ብራውዘሮቹ ለምን ይለያያሉ ካልሽ፣ የሲኤስኤስ ቴክስት ደረጃ 3 መግለጫ እዚህ ላይ እጁን አጥቧል። እንዲህ ያለው ኢንተር ወደ ክፍተት ይለወጥ ወይስ ይጥፋ የሚለውን ለብራውዘር ሠሪዎች ትቶታል። አንዱ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ሁለቱም የምሥራቅ እስያ ሰፊ ፊደላት ከሆኑ ያጠፋዋል። ሌላው አይጠይቅም። ያም ሆነ ይህ በብራውዘር ደግነት አትተማመኚ። አንዱን አንቀጽ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው መለያ ድረስ በአንድ መስመር አድርጊው። ምንጩ ሲታይ አስቀያሚ ይሆናል፣ ይሁን።

ኤዲተሩ መስመር አጥፎ እንዲያሳይሽ ካስፈለገ የማሳያውን አጥፍ-አሳይ (ወርድ-ራፕ) አብሪ። እሱ ፋይሉ ውስጥ ኢንተር አይጨምርም።

ቦርሳው · ሰኞ፣ ምሽት 2፡30

እሺ፣ የእኔ ሐሳብ በክብር ተቀበረ 😄

ጋሼ እርሳስ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡15

ልጄ ሜላት፣ ሽማግሌም አስተያየት ይስጥ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ማተሚያ ቤት ነው፣ በፊደል ለቃሚነት። በእርሳሱ ዘመን ክፍተት ማለት ባዶ እርሳስ ነበር። በጣት ይገባል፣ በጣት ይወጣል። «የማይታይ ነገር» አልነበረም፤ ክብደት ነበረው፣ ይቆጠር ነበር።

ስለ ቅንፉና ስለ ሰረዙ ልንገርሽ። የኛን ፊደል የአቀማመጥ ደንብ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውሥሪሲ ሲያዘጋጅ ስከታተል የጃፓኑንም አነበብኩት። የጃፓኑ ሰነድ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ጄአይኤስ ኤክስ 4051 የሚባለው የአገራቸው ደረጃ ደግሞ ከእሱ ይቀድማል። ጃፓንኛ እንደ እንቁላል ካርቶን ነው። እያንዳንዱ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥቡም ጭምር፣ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ቤት አለው። ሰረዙ ትንሽ ነው፣ ቤቱ ግን ሙሉ ነው። በአግድም ጽሑፍ ሰረዙ ከቤቱ ግራ ታችኛው ጥግ ይቀመጣል፤ ቀኙ ባዶ ነው። መዝጊያ ቅንፍም ግራውን ይይዛል፣ ቀኙ ባዶ። መክፈቻ ቅንፍ ተቃራኒው ነው፤ ቀኙን ይዞ ግራውን ይተወዋል።

እንግዲህ መዝጊያ ቅንፍ ተከትሎ መክፈቻ ቅንፍ ቢመጣ፣ ሁለቱ ግማሽ ባዶዎች ተደምረው አንድ ሙሉ ፊደል የሚያህል ጉድጓድ ይሆናሉ። የጃፓን ለቃሚ ይህን ዝም ብሎ አያሳልፍም። ግማሹን ያስወጣል። ብራውዘሮች ግን ለረጅም ዘመን ቤቶቹን እንዳሉ ደርድረው ነው የኖሩት። ያየሽው ክፍት ቦታ ይህ ነው። ስለዚህ ተርጓሚሽን አትውቀሺው።

ኮደር ከካዛንቺስ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡28

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎ «ግማሹን ያስወጣል» ያሉትን አሁን ብራውዘሩ ራሱ ይሠራዋል። ባህሪው ቴክስት-ስፔሲንግ-ትሪም ይባላል። ክሮም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በስሪት 123 አስገብቶታል። በክሮም ምንም ሳትጽፊለት በነባሪነት ይሠራል፤ ሜሉ ክሮምሽ አዲስ ሆኖ ክፍተቱ አሁንም ካለ፣ ሁለት ነገር እይ።

አንደኛ ፎንቱን። ብራውዘሩ ቤቱን በራሱ አይቆርጥም፣ ፎንቱ ውስጥ የግማሽ ስፋት መረጃ መኖር አለበት። ሃልት የሚባለው የኦፕንታይፕ (የፎንት ፎርማቱ) ባህሪ ነው። ፎንቱ ያ ከሌለው ትሪሙ ዝም ይላል። ኖቶ ሳንስ ጄፒ አለው። ከየትም የተገኘ፣ አንድ ሰው ለማሳነስ ብሎ የቆራረጠው ፎንት ላይ ግን ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቴምፕሌቱ ባህሪውን አጥፍቶት እንደሆነ። ስፔስ-ኦል የሚል ዋጋ ካየሽ አውጪው።

ሊያ ግራፊክስ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡41

እኔ በአጭሩ፦ ሙሉ ገጹ ላይ ፓልት አብሪ። ፎንት-ፌቸር-ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ ፓልት ብለሽ ጻፊ፣ ጽሑፉ ሁሉ ጥቅጥቅ ብሎ ያምራል። የጃፓን ሳይቶች ራሳቸው ያደርጉታል። እኔ ለአንድ ሬስቶራንት ሠርቼ በጣም ነው ያማረው።

ጃፓንኛ ተማሪ 6 ኪሎ · ሰኞ፣ ምሽት 4፡02

ሊያ፣ ለሬስቶራንቱ ርዕስና ለሜኑው እስማማለሁ። ለረጅም ጽሑፍ ግን አይሆንም። ፓልት እያንዳንዱን ፊደል እንደ መልኩ ስፋት ይሰጠዋል፤ ካና የሚባሉት የድምፅ ፊደላት ይጠባሉ፣ ካንጂዎቹ (ከቻይና የመጡት ፊደላት) ግን እንዳሉ ናቸው ማለት ይቻላል። ጋሼ ያሉት እኩል ቤት ይፈርሳል። አንድ መስመር ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ ይሆናል፤ ዓይንሽ የለመደው ምት ይጠፋል። አንቀጽ ሙሉ ስታነቢ ይደክማል። ቢያንስ እኔን ይደክመኛል፣ ገና ቀስ ብዬ ስለማነብ ይሆናል።

በትልቁ ለተጻፈ ርዕስ ግን ፓልት ጥሩ ነው። ፊደሉ ሲተልቅ ባዶውም አብሮ ስለሚተልቅ ይታያል።

ሜላት፣ የአበበ ቢቂላን ነጥብ አትንኪው። በጃፓንኛ የውጭ ሰው ስም በካታካና (አንዱ የካና ዓይነት) ሲጻፍ ስምና የአባት ስም መሃል ያ ነጥብ ይገባል። እሱም የራሱ ሙሉ ቤት አለው፣ ነጥቡ መሃል ላይ ነው። ግራና ቀኙ ክፍት መሆኑ ትክክል ነው። ጃፓናዊ አንባቢ ያ ቦታ ቢጠብ ነው የሚገርመው።

ሊያ ግራፊክስ · ሰኞ፣ ምሽት 4፡06

እሺ ለርዕስ ብቻ። ግን የጃፓን ሳይቶች ያደርጉታል ያልኩትን አልመልስም 😏

ሜላት ዘፒያሳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ዛሬ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት፣ ቢሮ መብራት የለም። ኢንተሮቹን አጸዳሁ፤ መሃል ለመሃል የሚገባው ክፍተት ጠፋ። ፎንቱን ወደ ኖቶ ቀየርኩ፤ ላፕቶፔ ላይ ቅንፎቹ ተስተካከሉ።

ስልኬ ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሰረዙና ነጥቡ ከታች ጥግ ሳይሆን ከቤታቸው መሃል ተቀምጠዋል። ላፕቶፑ ላይ እንዲያ አይደለም። ተርጓሚው «አንዳንዱ ካንጂም የጃፓን አይመስልም፣ የቻይና ነው» አለኝ። ፎንቱ ስልኩ ላይ አልወረደም መሰለኝ፣ ዳታዬ ደካማ ነው።

የተለጠጡት መስመሮችም አሉ። 60ውም እንደተለያየ ነው።

ኮደር ከካዛንቺስ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡47

የገጹ ላንግ (ቋንቋውን የሚናገረው መለያ) ምን ይላል? ኤችቲኤምኤሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ።

ሜላት ዘፒያሳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡50

«ኤኤም» ይላል። ቴምፕሌቱን ያስረከበን ሰው ገጾቹን ሁሉ ከአማርኛው ነው የገለበጣቸው።

ኮደር ከካዛንቺስ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

እንግዲህ ብራውዘሩ አማርኛ ነው ተብሎ የተነገረው ገጽ ላይ ካንጂ አገኘ። ምን ያድርግ? ይገምታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያን የጋራ ፊደላት በአንድ ቁጥር ነው የመዘገባቸው። «አጥንት» የሚለው ፊደል በቻይናም በጃፓንም ቁጥሩ አንድ ነው፤ አሣሣሉ ግን ይለያል፣ ከላይ ያለችው ትንሽ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ትዞራለች። የትኛውን መልክ ላሳይ የሚለውን የሚወስነው ፎንቱ ነው፣ ፎንቱን የሚመርጠው ደግሞ ላንግ ነው። ኖቶውን ማውረድ ያልቻለ ስልክ ውስጡ ወዳለው ፎንት ይሄዳል፤ ቋንቋውን ካልነገርነው የቻይናውን መልክ ሊያነሳ ይችላል።

ሰረዙም ከዚያው ነው። በታይዋንና በሆንግ ኮንግ አጻጻፍ ሰረዝና ነጥብ ከቤታቸው መሃል ነው የሚቀመጡት። ግራም ቀኝም ባዶ ይተርፋል። ማለትም ያየሽው የክፍተት ችግር ሳይሆን የተሳሳተ አገር ሥርዓተ ነጥብ ነው። ማርጂን ብትቀንሺ፣ ፓዲንግ ብትነኪ አይድንም።

የጃፓንኛውን ገጽ ላንግ «ጄኤ» በይው። አማርኛው ገጽ ውስጥ የገባች አንዲት የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ካለችም ስፓን በሚባል መለያ ከብበሽ «ጄኤ» በያት። ከዚህ ሁሉ ክር አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብትይኝ ይህን ነው የምልሽ።

ስለ ዳታው፣ የጃፓንኛ ፎንት ከባድ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ፊደል አለው፣ ሙሉው ብዙ ሜጋባይት ነው። ጉግል ፎንትስ ከመቶ በላይ ቁራጭ አድርጎ የሚያቀርበው ለዚህ ነው፤ ገጹ የሚፈልገው ቁራጭ ብቻ ይወርዳል። አንቺ ሙሉውን ሰርቨርሽ ላይ ጭነሽው ከሆነ፣ እዚህ ባለው ኔትዎርክ ጸሎት ነው የሚያወርደው።

ሜላት ዘፒያሳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡31

ላንጉን ቀየርኩት። ስልኬ ላይ ሰረዙ ወደ ጥጉ ተመለሰ! ምንም ሌላ አልነካሁም።

ሳሚ 4 ኪሎ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡05

የተለጠጡት መስመሮች ላይ ልግባ። ሲኤስኤሱ ውስጥ ወርድ-ብሬክ ፈልጊ። ኪፕ-ኦል የሚል ካገኘሽ እሱ ነው። ከዚያ ቴክስት-አላይን ላይ ጀስቲፋይ (መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሙላ) ካለ ሁለቱ ተጋግዘዋል።

ጃፓንኛ በተፈጥሮው ከሞላ ጎደል በየትኛውም ፊደል መሃል መስመር ሊታጠፍ ይችላል። የማይታጠፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ነጥብና መዝጊያ ቅንፍ መስመር አይጀምሩም። ብራውዘሮች ይህን ከሞላ ጎደል ያውቁታል። ኪፕ-ኦል ግን «ቃል አትቁረጥ» ይላል። ቃል የሚለየው ክፍተት በሌለበት ቋንቋ፣ ከሰረዝ እስከ ነጥብ ያለው ሁሉ አንድ ቃል ይሆናል። ረጅሙ ቁራጭ አልበቃ ሲለው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የቀሩት ጥቂት ፊደላት መስመሩን እንዲሞሉ በጀስቲፋይ ይለጠጣሉ። ስልክ ላይ ደግሞ ቁራጩ ከስክሪኑ አልፎ ይወጣል።

ወደ ኖርማል መልሺው። ጀስቲፋዩን ስልክ ላይ አጥፊው።

ብሬክ-ኦል እንዳታደርጊ ግን። ጃፓንኛው ውስጥ ያለውን የላቲን ስም መሃል ላይ ይቆርጠዋል። አማርኛው ገጽ ላይ ከተጋባም «ይርጋጨፌ» ሁለት ቦታ ተቆርጦ ታገኚዋለሽ።

ጋሼ እርሳስ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40

ሳሚ ልጄ፣ በብራናውም በድሮው ኅትመትም የኛን ቃል መሃል መቁረጥ ነውር አልነበረም። ሁለት ነጥቡ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ስለሚናገር፣ መስመር ሲሞላ የትም ይቆረጥ ነበር፤ የመቁረጫ ሰረዝም አይጨመርም። ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ስንለምድ ነው መቁረጡም የቀረው።

ካነሳነው አይቀር አንድ ብሶቴን ልናገር። አራት ነጥብ ለብቻው ቁልፍ እያለው፣ ሁለት ነጥብን ሁለቴ የሚመታ ሰው አለ። ስክሪን ላይ ያው ይመስላል። መስመር ጫፍ ሲደርስ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዱ ከላይ ይቀራል፣ አንዱ የሚቀጥለውን መስመር ይጀምራል። ጃፓኖች ነጥብ መስመር እንዳይጀምር ደንብ ጽፈው ሲጨነቁ፣ እኛ በእጃችን እናስጀምረዋለን። ጋዜጦች ላይ ሳይቀር አይቻለሁ።

ሳሚ 4 ኪሎ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡44

ጋሼ፣ እሱን ለብቻው ክር ይክፈቱልን፣ እኔ የመጀመሪያው መላሽ እሆናለሁ።

ጃፓንኛ ተማሪ 6 ኪሎ · ማክሰኞ፣ ምሽት 12፡50

ስለ 60ው። ተርጓሚሽ ቁጥሩን በጃፓንኛ ኪቦርድ መትቶታል። ኪቦርዱ ሙሉ-ስፋት የሚባል ቁጥርና የላቲን ፊደል አለው። መልኩ ያው 6፣ ያው 0 ነው፤ ዩኒኮድ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው፣ ቤቱም እንደ ካንጂ ሙሉ አራት ማዕዘን ነው። ለዚህ ነው የተራራቀው።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገዢ 60 ብሎ በተራው ቁጥር ሲፈልግ ፍለጋው ላያገኘው ይችላል። የደረጃ ኮዶቻችሁም፣ ጂ1፣ ጂ2 የሚሉት፣ እንደዚያው ከተመቱ ሠንጠረዡ ውስጥ አይስተካከሉም።

ቦርሳው · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡02

ይሄን ግን አውቃለሁ! ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኖርማላይዝ አለ። ኤንኤፍኬሲ በይው፣ ሁሉንም ሙሉ-ስፋት ወደ ተራው ይመልሳል። ጽሑፉን ሁሉ አሳልፊበት።

ጃፓንኛ ተማሪ 6 ኪሎ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡15

ቦርሳው፣ መንገዱ ትክክል ነው፤ «ሁሉንም» የምትለዋ ናት የምታስፈራኝ። ኤንኤፍኬሲ ቁጥሩን ሲመልስ ሙሉ-ስፋት ቅንፉን፣ ቃለ አጋኖውንና የጥያቄ ምልክቱንም ወደ ላቲኑ ይቀይራቸዋል። እነሱ ግን በጃፓንኛ ጽሑፍ ውስጥ ሙሉ መሆን ያለባቸው ናቸው። ቅንፉ ጠብቦ ከፊደሉ ጋር ይጋጫል። በክብ የተከበቡ ቁጥሮችም ክባቸውን ያጣሉ። ለምርት ኮድና ለክብደት ሳጥኖች ብቻ ተጠቀሚበት፣ አንቀጹን አታሳልፊ።

አንድ ሌላ ፊደልም እዚያው ውስጥ ይለወጣል፦ ሙሉ-ስፋት ክፍተት፣ የዩኒኮድ ቁጥሩ 3000። ተርጓሚሽ አንቀጽ ሲጀምር እሱን መትቶ ይሆናል፤ የጃፓን አንቀጽ አንድ ፊደል ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው። ኤችቲኤምኤል ተራ ክፍተቶችን ሲደራረቡ ወደ አንድ ይሰበስባል፣ ይህን ግን አይነካውም። ስለዚህ አንቀጽ ጀማሪው ላይ ቢገኝ አትደንግጪ፣ ሆን ተብሎ ነው። ከፈለግሽ አውጥተሽ በቴክስት-ኢንደንት 1 ኤም (የአንድ ፊደል ስፋት) ስጪው። መሃል አንቀጽ ውስጥ ካገኘሽው ግን ጠይቂው።

ሜላት ዘፒያሳ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡33

ቁጥሮቹን በተራው ተካሁ፣ ሠንጠረዡም ተስተካከለ። አሁን ደግሞ ላቲኑና ቁጥሩ ከጃፓንኛው ጋር ተጣብቀዋል። በእጄ ክፍተት ላስገባ? 1964 የሚለው ግራና ቀኙ ካንጂ ተደግፎበት ለማንበብ ያስቸግራል። ያው አለቃዬ በኛ 1957 ላድርገው ብሎኝ ነበር፣ እንዴት እንዳሳመንኩት አትጠይቁኝ።

ሊያ ግራፊክስ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡40

አስገቢ እንጂ። ብዙ ሰው በእጅ ነው የሚያስገባው።

ኮደር ከካዛንቺስ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡58

ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እውነት ነው። እኔ አልወደውም። ተራ ክፍተት ለዚህ ቦታ በጣም ሰፊ ነው፤ ጽሑፉ ሲገለበጥም አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ገጽ ላይ አስገብተሽ ሌላው ላይ ስትረሺው ደግሞ ዥንጉርጉር ይሆናል።

ለዚህ ቴክስት-ኦቶስፔስ አለ። ኖርማል ብለሽ ስትሰጪው ብራውዘሩ በጃፓንኛና በላቲን ወይም በቁጥር መሃል ቀጭን ባዶ ራሱ ይጨምራል። ፊደል አይጨምርም፣ ስለዚህ ሲገለበጥ የለም። በጃፓን ኅትመት የተለመደው የፊደሉ አንድ አራተኛ ነበር፤ ሲኤስኤሱ አንድ ስምንተኛን ነው የመረጠው፣ ለስክሪን ይበቃል። ሳፋሪ በ18.4፣ ክሮም በ140 አስገብተውታል፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. 2025። የድሮ ብራውዘር ያለው ሰው ተጣብቆ ያየዋል። ተጣብቆ ማየት ደግሞ ስህተት አይደለም፣ ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው እንዲያ ነበር የሚያየው።

ጃፓንኛ ተማሪ 6 ኪሎ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡20

ለርዕሶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ላይ ርዕስ ሲታጠፍ ቃል መሃል ከተቆረጠ ያስጠላል። ክሮም ከ119 ጀምሮ ወርድ-ብሬክ ላይ ኦቶ-ፍሬዝ የሚል ዋጋ አለው፤ ሐረግ አይቶ ያጥፋል። ላንግ «ጄኤ» ካልተባለ አይሠራም፣ አሁን ግን ብለሻል። ለርዕስ ብቻ ተጠቀሚው፤ አንቀጽ ላይ የመስመሮቹን ጫፍ ያበላሻል። ሌሎቹ ብራውዘሮች ላይም ከፈለግሽ ጉግል ያወጣው ቡዶኤክስ የሚባል ነጻ ላይብረሪ አለ፣ ያንኑ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ቦርሳው «ጃፓንኛ በቃላት መሃል ክፍተት የለውም» ያለውንም ላርመው። የሕፃናት መጽሐፍ ላይ አለው። ካንጂ ሳይኖር ካና ብቻ ሲሆን ሐረጉን ለመለየት ክፍተት ያስገባሉ። እኔም የተማርኩት በዚያ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን የልጆች ገጽ ከመጣልሽ ክፍተት ሁሉ ስህተት ነው ብለሽ እንዳትጀምሪ።

ሜላት ዘፒያሳ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

ተርጓሚው ዛሬ ቢሮ መጥቶ አየው። «አሁን ይነበባል» አለ። እሱ እንዲህ ካለ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰውየው ሙገሳ አይወድም።

አንድ የቀረ ነበር። ርዕሶቹ አሁንም ተራርቀው ነበር። የቀስቱን ነገር ሞከርኩ፣ ውስጡ ፊደል የለም። ከዚያ ሲኤስኤሱ ውስጥ ሌተር-ስፔሲንግ አገኘሁ። ለእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ማሳመሪያ ተብሎ የገባ፣ ጃፓንኛውም ላይ የወረደ። አጠፋሁት። ለርዕሱ ሊያ ያለችው ፓልት ገብቷል፣ አምሯል።

የአለቃዬ አሮጌ ታብሌት ላይ ቅንፎቹ አሁንም ሰፊ ናቸው። ክሮሙ አይታደስም። ልተወው?

አሁን ኪፕ-ኦሉን ከጠቅላላው ሲኤስኤስ ላይ ልሰርዘው ነው፣ አራቱም ገጽ ላይ ነው ያለው።

ኮደር ከካዛንቺስ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡22

ታብሌቱን ተዪው። ለእሱ ብለሽ ጽሑፉ ውስጥ ስፓን መደርደር ከጀመርሽ መውጫ የለውም።

ሳሚ 4 ኪሎ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡24

ቆይ ቆይ፣ ኪፕ-ኦሉን ከሁሉም አትሰርዢው! ኮሪያኛ አለን ብለሻል። ኮሪያኛ በቃላት መሃል ክፍተት አለው፤ ያለ ኪፕ-ኦል ብራውዘሩ ቃሉን መሃል ላይ ያጥፈዋል። ቴምፕሌቱን የሠራው ሰው ኮሪያኛውን አስቦ ነው ያስገባው። ጃፓንኛው ላይ መውረዱ ነው ጥፋቱ። በላንግ ለይተሽ አስቀምጪው።

ሜላት ዘፒያሳ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡40

ጎሽ፣ ልሰርዘው ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። የኮሪያኛው ገጽ ላንግም «ኤኤም» ነው፣ አሁን ነው ያየሁት። እሱን «ኬኦ» ብዬ ኪፕ-ኦሉን ለእሱ ብቻ ሰጠሁት፤ ጃፓንኛው ኖርማል ሆኗል፣ አማርኛና እንግሊዝኛው ላይ ምንም የለም።

ሳሚ 4 ኪሎ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡43

እንግሊዝኛውስ ላንጉ ምን ይላል? 😅

ሜላት ዘፒያሳ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡45

…«ኤኤም»። እየቀየርኩ ነው።